የመስከረም ሰማይ በአምባሰል ግርጌ

መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ወሎን ቶሎ አይለቅም። ጠዋት ሐይቅ ላይ ፀሐይ ታበራለች፤ ከቀትር በኋላ በአምባሰል ገደል በኩል ደመና ይቆለላል፤ ሲመሽ ነጎድጓድ። እንዲህ ባለ ሳምንት የአየር ትንበያ መሥራት ትልቅ ሙያ ነው።

ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ በዚህ ወቅት ወደ ደቡብ ማፈግፈግ ይጀምራል፤ ግን በአንድ ቀን ጠቅልሎ አይወጣም። ተራራው ደግሞ የራሱን ይጨምራል፦ እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ከዚያ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሐይቅ ከተማ ነጠላ የበቃው ሰው አምባው ላይ ጋቢ ይፈልጋል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን ሁሉ በጥቂት ቃላት ይይዛል። «ከባድ ዝናብ» ሲል ቃሉ ልክ አለው፤ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። በየ10 ቀኑ የሚያወጣው መግለጫም ዝናቡን ከእርሻው ጋር አገናኝቶ ያነባል፤ ከሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው። ገና ለሚያብብ ጤፍ የመስከረም ዝናብ በረከት ነው፤ ለደረሰ ገብስ ግን በረዶ ቀርቶ የሁለት ቀን ካፊያም ያሰጋል።

ከትንበያው ቃላት «በጥቂት ቦታዎች ላይ» የሚለው በተለይ ያምራል። ውጫሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ሳይረጥቡ የሚውሉበትን አገር በልኩ ይገልጻል።