ውሃው ተለክቷል፣ ደመወዙስ?

ስቶክሆልም ውስጥ ልብስ መግዛት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የኅሊና ፈተና ሆኗል። ድሮትኒንግጋታን በሚባለው የገበያ ጎዳና ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ ሸሚዙም ካልሲውም በአረንጓዴ ወረቀት ያናግራችኋል። ጥጡ ያለ ኬሚካል የበቀለ ነው፤ ክሩ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተፈተለ ነው፤ ያረጀ ልብስዎን እዚህ ሣጥን ውስጥ ይተዉልን። ስዊድኖች ይህን ሁሉ «ሆልባር» በሚል አንድ ቃል ይጠሩታል። ቃሉ በቀጥታ ሲወሰድ የሚበረክት፣ ቶሎ የማያልቅ ማለት ነው፤ እናቶቻችን ጨርቁን በጣታቸው አሸት አድርገው «ይሄ እንኳ ይበረክታል» እንደሚሉት ዓይነት። ዛሬ ግን ሦስት ጊዜ ታጥቦ የሚላላ ካናቴራም ያው ማዕረግ ይሰጠዋል።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ነገር «ጥሩ ነው» ሲባል ቀድሜ የምጠይቀው ምን ተለክቶ ነው? ልኬቱስ ከየት ጀምሮ የት ላይ ያበቃል? ብዬ ነው። «አስተውሎ መግዛት» በሚባለው ነገር ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ይነሳል።

በፌስታል ልጀምር። ስዊድን በሜይ 2020 በአንድ የፕላስቲክ መገበያያ ከረጢት ላይ 3 ክሮነር ግብር ጣለች (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በኖቬምበር 2024 መልሳ አነሳችው። በመካከሉ አገሬው የጨርቅ ቦርሳ ተሸካሚ ሆነ። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ያወጣው ጥናት ግን አንድ ተራ የጥጥ ቦርሳ፣ በአየር ንብረት ብቻ ሲለካ፣ ከፌስታል የሚሻለው ቢያንስ 52 ጊዜ ሲያገለግል መሆኑን አሰላ። የአካባቢ ጉዳት መለኪያዎቹ በሙሉ ሲታዩ ቁጥሩ 7,100 ይደርሳል። በሳምንት ሁለቴ ገበያ ለሚወጣ ሰው 68 ዓመት ማለት ነው፤ የአያቴ ዘንቢል እንኳ አይደርስበትም። ቦርሳው ያው፣ ጥጡም ያው ሆኖ፣ የልኬቱ ወሰን ሲሰፋ ብቻ መልሱ ከ52 ወደ 7,100 ዘለለ። ታዲያ ይህን ወሰን የሚያሰምረው ማነው?

ይህ ጥያቄ ከስቶክሆልም ሐዋሳ ያደርሰናል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ከሚያኮሩት ነገሮች አንዱ የፍሳሽ ማጣሪያው ነበር። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ለሥራ እንዲውል፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ታስቦ የተሠራ ነው። የሐዋሳን ሐይቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በመሐንዲስነቴ «እሰይ» ያልኩበት ሥራ ነው። ውሃው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንቱ ተመለሰ ተብሎ ይለካል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2019፣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለዚሁ ፓርክ ሪፖርት አወጡ። ያኔ 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ሪፖርት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ተብሎ ተቀምጧል። ከሐዋሳ ይገዛሉ ተብለው ከተጠቀሱት ድርጅቶች መካከል ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ስቶክሆልም የሆነው ኤችኤንድኤም ይገኝበታል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ልጅቷ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሠራ 208 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 12 ተኩል የአሜሪካ ሳንቲም ይደርሳታል። ለአንድ ካናቴራ የሰፊዎቹ ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ፈጀ እንበል፤ ለጋስ ግምት ነው። የስፌቱ ዋጋ ከስድስት ሳንቲም ብዙ አይርቅም። ደመወዛቸው ሦስት እጥፍ ቢሆን በአንዱ ካናቴራ ላይ የሚጨመረው 13 ሳንቲም ቢሆን ነው፤ በስዊድን ገንዘብ አንድ ክሮና ከምናምን። ልብ በሉ፣ ሰዉ ሳያጉረመርም ባይባልም ለአንድ ፌስታል 3 ክሮነር ግብር አራት ዓመት ተኩል በከፈለበት አገር ነው ይህን የምጽፈው።

እርግጥ ጭማሪው ከፋብሪካ እስከ መደብር ባለው የትርፍ ሰንሰለት ሲያልፍ ያብጣል። አምስት ክሮነር ይሁን። ከዚያስ?

ኤችኤንድኤም ከሁሉ የከፋ ድርጅት ነው አልልም። የአቅራቢ ፋብሪካዎቹን ዝርዝር ከ2013 ጀምሮ ይፋ አድርጓል፤ ብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ ያኔ ይህን አላደረጉም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በዋና ዋና አቅራቢዎቹ ሥር ያሉ 850,000 ሠራተኞች በ2018 ኑሮን የሚያስችል ደመወዝ እንዲያገኙ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ተቆጥሮ የቀረበው ግን የደመወዝ አስተዳደር ሥርዓት የተዘረጋባቸው ፋብሪካዎችና በውስጣቸው ያሉ ሠራተኞች ብዛት ነበር። በእኛ ሙያ ይህ ስም አለው፤ የድልድዩን ጥንካሬ ለመለካት ቃል ገብቶ የብሎኑን ቁጥር ማስረከብ ይባላል። (ስሙን አሁን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።)

የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶችም ዝም አላሉም። በ2019 የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን «ኮንሸስ» ለሚባለው የድርጅቱ የልብስ መስመር የተሰጠው መረጃ በቂ አይደለም ሲል ተቸ። በ2022 ከኔዘርላንድስ ባለሥልጣን ጋር በተደረሰ ስምምነት ድርጅቱ ማስታወቂያዎቹን ሊያስተካክል ወይም ሊያነሳ ቃል ገብቶ 500,000 ዩሮ ለበጎ ዓላማ መደበ። ሁለቱንም አደንቃለሁ። ግን የሁለቱም ክርክር ስለ አካባቢ ጥበቃው ማስታወቂያ እንጂ ስለ ሰፊዋ ደመወዝ አልነበረም። ነጋዴውም ዳኛውም ያሰመሩት ወሰን አንድ ነው፤ ልጅቷ ከመስመሩ ውጭ ቆማለች።

«ታዲያ ፋብሪካው ባይመጣ ምን ልትሠራ ነበር?» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም አትግዙ አልልም፤ ከዚህ ሆኖ «እምቢ» ማለት እዚያ እንጀራ መዝጋት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ሪፖርት እንደሚያሳየው በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመት የለቀቀው ሠራተኛ ብዛት ካለው ሠራተኛ ቁጥር ጋር የሚተካከል ነበር። ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ ለማደር የማይበቃ ደመወዝ ሰው አያቆይም፤ አሠሪውም አስተምሮ ሳይጨርስ ሌላ ሊያስተምር ይጀምራል። ርካሽነቱ ለፋብሪካውም አልበጀው።

የአገራችንም ሹማምንት ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ዝቅተኛውን ደመወዝ እንደ ማዕድን ሀብት ቆጥረው ለባለሀብት ሲያስተዋውቁ ኖረዋል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ሪፖርቱ ሲወጣ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። በብር የሚከፈል ደመወዝ በዚያው ልክ ካላደገ፣ በዶላር ለሚገዛው ሰፊዋ ይብሱን ረከሰች።

«ያገለገለ መግዛት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ኤስኪልስቱና ከተማ ውስጥ ሬቱና የሚባል፣ ያገለገለና የታደሰ ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት የገበያ ማዕከል በ2015 ተከፍቶ የዓለም ጋዜጠኛ ጎብኝቶታል። ምናለሽ ተራን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ብርቅ አይሆንብንም፤ ቁራሌውና ልዋጭዋ ሰፈራችንን ሲዞሩ ነው ያደግነው። ሆኖም ይህንኑ እያነሱ «እኛ ቀድመን ነቅተን ነበር» ማለት በዳያስፖራው እየተለመደ ነው፤ አልወደውም። ቁራሌው ፀሐይ ላይ የሚዞረው ስለተቸገረ ነው። ሣጥን ውስጥ የሚጣለው ልብስም ቢሆን የት እንደሚደርስ አፍቶንብላደት ጋዜጣ በ2023 መከታተያ መሣሪያ ሰፍቶበት አሳይቶናል፤ አንዳንዱ ቤኒን ገብቶ ተገኝቷል። ሰልባጅን የምናውቅ ሰዎች ቀሪውን ራሳችን መሙላት እንችላለን።

ወደ ራሳችን ልምጣ። ክረምት ሲደርስ ሪንከቢና ሁስቢ ያለን ሰዎች የቅናሽ መደብሩን እናጥለቀልቀዋለን፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሐዋሳ የተሰፋ ሊሆን የሚችል ካናቴራ ስቶክሆልም መጥቶ፣ በግማሽ ዋጋ ተሽጦ፣ በእኛ ሻንጣ አዲስ አበባ ይገባል፤ ዘመድም «የውጭ ዕቃ ነው» ብሎ ይመርቀናል። እናቴ ባለፈው ዓመት «ልጄ፣ ካናቴራው እዚህም ሞልቷል፤ መድኃኒቴን ብቻ አትርሳ» ብላኛለች። የሻንጣውን ግማሽ ወጪ ለሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሰጥቶ ለዘመድ ልብስ በልኩ ማሰፋት ይቻላል፤ ሁለት ዓመት ሞክሬዋለሁ፣ ቅር ያለው የለም። ከአንድ የአጎቴ ልጅ በቀር።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራ ግን ብራስልስ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የምርት ደንብ መሠረት ልብስን ጨምሮ በርካታ ዕቃዎች የዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ያደርጋል፤ የየምርቱ ዝርዝር ተራ በተራ ይወጣል። የደንቡ ትኩረት የአካባቢ ጥበቃ ነው፤ ክሩ ከምን ተሠራ፣ ምን ኬሚካል ነካው፣ ይጠገናል ወይ የሚለው ይሰፍራል። ከአንባቢዎች መካከል በየዩኒቨርሲቲውና በየመሥሪያ ቤቱ በእንዲህ ያለው ጉዳይ አስተያየት የሚጠየቁ ብዙ ናቸው። ስትጠየቁ አንድ መስመር እንዲጨመር ጻፉ፤ ይህን ልብስ የሰፋችው ሠራተኛ የወር ደመወዝ ስንት ነው? ለፍሳሽ ውሃው መለኪያ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ያስፈልጋል። ለዚህኛው ፋብሪካው በየወሩ የሚያስፈርምበት መዝገብ ይበቃል።