ጥሩው ምስል ይውረድ

ሥራዬ በተለያዩ ካሜራዎች የተቀረጹ ሰዎችን ለመርማሪዎች ማመሳከር ነው። በቅርቡ የተቀላቀለን ወጣት፣ «ይህን የደበዘዘ ፊት በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጥርተን ለምን አናመሳክርም?» አለኝ። አይሆንም። ምስል የሚያጠራው ፕሮግራም በፒክስሉ ውስጥ የሌለውን የሚሞላው ከተማረባቸው ፊቶች ገምቶ ነው፤ የሚያወጣው አፍንጫ የማንም አይደለም።

እኔ የምሠራው በተቃራኒው ነው፤ ጥሩውን ምስል ወደ መጥፎው ደረጃ አወርደዋለሁ። አሶሳ ውስጥ አንድን ሰው ከባንክ በር እስከ ገበያ ዳር ሱቅ በካሜራ ስንከተለው፣ የባንኩ ምስል ጥርት ያለ ነው፤ የሱቁ ካሜራ ግን አሮጌ፣ መስተዋቱም ቀይ አቧራ የለበሰ። ስለዚህ የባንኩን ፒክስል እቀንሳለሁ፣ እንደ ሱቁ አደበዝዘዋለሁ፣ ከዚያ አስተያያለሁ። ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ሌሎች መንገደኞችም እንዲሁ አውርጄ አጠገቡ እደረድራለሁ። እነሱም ከመሰሉት፣ መመሳሰሉ የመጣው ከብዥታው ነው። ይህን እርምጃ የሚዘል ባልደረባ ሲገጥመኝ አልታገሥም።

ልብስን የሚያምኑም አሉ። ማታ ካሜራው ወደ ኢንፍራሬድ ሲቀየር ጥቁር ሹራብ ነጣ ብሎ ሊወጣ ይችላል። አረማመድ ይሻላል፤ ግን ሸክም ይለውጠዋል። በትከሻዋ ባኖረችው እንጨት ሁለት ጫፍ ጭነት አንጠልጥላ ገበያ የገባች የጉሙዝ ሴት፣ ሸጣ ስትመለስ እርምጃዋ ሌላ ነው። ሰውን ከካሜራ ወደ ካሜራ ለይተው የሚከተሉ ፕሮግራሞች ላይም ብዙ አልደገፍም፤ መለኪያ የሆናቸው የማርኬት-1501 የምስል ስብስብ ቻይና ውስጥ ከአንድ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት በስድስት ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ አምስቱ ጥራታቸው ከፍተኛ፣ አንዱ ብቻ ዝቅተኛ። እኛ ዘንድ ተገላቢጦሹ ነው።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ያውም ጥርት ባለ ፎቶ። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ከወሎ መጥቶ የሰፈረው ጎን ለጎን በሚኖሩባት ከተማ «እሱ ነው» የሚል ቃል ከአንድ ሰው አልፎ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ላይ ያርፋል።

እናቴ ከማዶ የሚመጣን ሰው በአረማመዱ ትለየው ነበር፤ ሆኖም ፊቱ ሳይታያት በስሙ አትጣራም። «እሱ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች። እኔም ሪፖርት ስጽፍ ከዚያ አላልፍም፤ መርማሪ ቢቆጣም፣ አለቃ ቢያቻኩልም። ወጣቱ ገና አላመነኝም፤ የእኔንና የወንድሜን ፎቶ አውርዶ እንዲያስተያይ ሰጥቼዋለሁ።