ብቻውን ስለሚቆም ተጫዋችና ስለ ሙከራ ትርኢቱ

ብቻውን መድረክ ላይ የሚቆም ሰው፤ ሥራውን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ለመዞር ከመነሣቱ በፊት በወዳጆቹና በዐዋቂዎች ፊት የሚያቀርበውን የሙከራ ትርኢት ብዙዎች እንደ ተራ ልማድ ይቈጥሩታል። እኛ ግን ይህ ሙከራ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ትርኢት ይልቅ ምርመራ የሚገባው ሆኖ እናገኘዋለን። ብዙ ተጫዋቾች ባሉበት ቴአትር አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይሸፍንለታል፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይናገራል። ብቻውን የቆመው ግን የሚተካው የለውምና በሙከራው ዕለት ማንን እንደሚጠራና ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ለዚህ ነገር ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቻርልስ ዲከንስ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ዲከንስ ልብ ወለዶቹን በሕዝብ ፊት ማንበብ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ዓ. ም. በበርሚንግሃም ከተማ ለበጎ አድራጎት ነው። ከ1858 ዓ. ም. ጀምሮ ግን መተዳደሪያው አደረገው። ንባብ እንበለው እንጂ ነገሩ ቴአትር ነበር። ራሱ አስቦ ባሠራው ጠረጴዛ አጠገብ፤ በጋዝ መብራት ሥር ቆሞ፤ ልብሱን ሳይለውጥ የሽማግሌውንም የሕፃኑንም የሴቲቱንም ድምፅና ፊት በየተራ ያመጣው ነበር። «ዶክተር ማሪጎልድ» የተባለውን ታሪክ በ1866 ዓ. ም. ለወዳጆቹ በሙከራ ከማቅረቡ በፊት ለብቻው ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ እንደ ተለማመደው ይነገራል። እንዲህ ያለ ትጋት ያለው ሰው ሙከራን እንደ ጨዋታ አያየውም።

በ1868 ዓ. ም. ዲከንስ ለመጨረሻ ጊዜ አገሩን ዞሮ ሊሰናበት 100 ንባቦችን በ8,000 ፓውንድ ተዋዋለ። ከ«ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ ሳይክስ የተባለው ሌባ ናንሲን ደብድቦ የሚገድልበትን ክፍል ለዚሁ ጉዞ አዘጋጀ። ለንባብ ባሳተመው ቅጂ ዳር ዳር ላይ እጁን የት እንደሚያመለክት፤ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ለራሱ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ኖቬምበር 14 ቀን በሎንዶን ሴንት ጄምስ አዳራሽ መቶ ያህል እንግዶች ጠርቶ ሞከረው። ንባቡ ሲያልቅ መጋረጃው ተገልጦ ምግብና ሻምፓኝ ቀረበ።

ፍርዱ እንዴት ነበር? አንድ ሐኪም፤ አንዲት ሴት ብቻ ብትጮኽ ጩኸቱ አዳራሹን ሁሉ ይይዘዋል ብሎ አስጠነቀቀ። ሚስስ ኪሊ የተባለችው ስመ ጥር ተዋናይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት ከተገኘ መተው አይገባም፤ ሕዝቡ ዘመኑን ሁሉ ሲፈልገው የኖረውን መደንገጥ አሁን አገኘ የሚል መልስ ሰጠች። ሌሎችም ታሪኩ በናንሲ ሞት እንዳያበቃ፤ የገዳዩ ሽሽትና መጨረሻው እንዲጨመርበት መከሩት። ዲከንስ በመጀመሪያ እምቢ ቢልም ኋላ ጨመረው። በዚህ ረገድ ሙከራው ተግባሩን ፈጽሟል፤ ሥራውም ያለ ጥርጥር ተሻሽሏል እንላለን።

ዳሩ ግን እነዚያ መቶ ሰዎች የመለሱት የተጠየቁትን ብቻ ነበር። የተጠየቁትም «ያስደነግጣልን?» ተብለው ነው። ይህንን በየከተማው፤ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚደጋግመው ሰው ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ማንም አላነሣላቸውም። ሐኪሙ እንኳ የፈራው ለተመልካቾቹ ነው! (እኛም በመሥሪያ ቤት የጻፍነውን ለባልደረቦቻችን አንብበን «እንዴት ነው?» ስንል የምንፈልገውን መልስ ፊታችን ላይ ጽፈን እንደምንጠይቅ መካድ አይቻልም።) የአንድ ምሽት ሙከራ የአንድን ምሽት ኃይል ይመዝናል። ጉዞ ግን ባቡርና ብርድ፤ እንቅልፍ ማጣትና የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው፤ ይህም በሻምፓኙ ገበታ ላይ አይታይም።

የተለየ ፍርድ የሰጠ ሰው አልታጣም። ወዳጁ ፎርስተር ተቃውሞት ነበር፤ የጉዞው አዘጋጅ ዶልቢም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው ግን የልጁን የቻርሊን ቃል ነው። ቻርሊ አባቱ ጋድስ ሂል በሚገኘው ቤቱ ቅጥር ግቢ ለብቻው ሲለማመድ ሰምቶ አንድ መንገደኛ ሚስቱን የሚደበድብ መስሎት ነበር። ኋላ አባቱ አንብቦለት አስተያየቱን ሲጠይቀው፤ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ነገር ግን አታድርገው አለው። ሥራውን ማድነቅና ለሠሪው መስጋት በአንድ ሰው አፍ ሲገናኙ ሒስ ማለት ይህ ነው እንላለን። ዲከንስ ግን ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያውን ብቻ ሰማ።

ግድያውን ጃንዋሪ 5 ቀን 1869 ዓ. ም. በሕዝብ ፊት አቀረበው፤ ይዞትም ዞረ። ዶልቢ በቀሩት ምሽቶች ላይ ቍጥሩን እንዲቀንስ ቢለምነው ዲከንስ ተቈጥቶ ቢላዋና ሹካውን ወርውሮ ሳሕኑን ሰበረ፤ ወዲያውም አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀው። በኤፕሪል ወር ግራ ጎኑ አልታዘዝ ስላለው ሐኪሙ ቢርድ ፕሬስተን ላይ ጉዞውን አስቆመው። ንባቡ ገደለው የሚሉ አሉ፤ እኛ እስከዚያ አንሄድም፤ በ1865 ዓ. ም. ከደረሰበት የባቡር አደጋ ወዲህ ጤናው የተሟላ አልነበረምና። ሆኖም ሐኪሙ የቈጠረው ቍጥር አለ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች 1870 ዓ. ም. በሎንዶን 12 የስንብት ንባቦች ሲያደርግ፤ ወትሮ 72 የነበረው የልቡ ትርታ ግድያውን ባነበበበት ዕለት 112 ደረሰ። በዚያው ዓመት ጁን 9 ቀን በ58 ዓመቱ ሞተ።

በእነዚያ በ12ቱ ምሽቶች ቢርድ ከመድረኩ ጎን መወጣጫ ደረጃ አሠርቶ ነበር። አባቱ ጥቂት እንኳ ቢንገዳገድ ሮጦ እንዲደግፈው ታዝዞ በየምሽቱ እዚያ ይጠብቅ የነበረው ቻርሊ ነው።