ወሎ በፊልም መስተዋት

የአንድ ፊልም ኃይል የሚለካው ተመልካችን በማስለቀሱ ብቻ አይደለም። እንባ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ሙዚቃው ሲያለቅስ ተመልካቹም አብሮ ያለቅሳል። ዋናው ጥያቄ እንባው ከደረቀ በኋላ በኅሊና ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ሰው የበለጠ መብት ያለው ተመልካች አይገኝም። ከደሴ ተነሥቶ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ ኮረም የሚዘልቀው መንገድ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ እርዳታ ፍለጋ የፈሰሰበት ነውና።

በዚህ ተመልካች ዓይን ከሁሉ ይበልጥ ቅር የሚያሰኘው በ1996 ዓ.ም. የወጣው «ቢዮንድ ቦርደርስ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም ነው። ማርቲን ካምቤል ያዘጋጀው፣ አንጀሊና ጆሊና ክላይቭ ኦወን የተጫወቱበት ይህ ሥራ መነሻው የ1977ቱ ረሃብ ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ ተብላ የምትታየው ምድር ናሚቢያ ውስጥ የተቀረጸ የአሸዋ በረሓ ናት። ጉድለቱ የመልክዐ ምድር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ። ሀብሩ ግን በሬ የሚጠመድባት፣ ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት አገር ናት። እንዲህ ያለውን ምድር ከጥንት ጀምሮ ምንም አብቅሎ እንደማያውቅ አሸዋ ማቅረብ፣ ረሃቡን ምክንያት የለሽ፣ ገበሬውንም አርሶ የማያውቅ ማስመሰል ነው። ታሪኩም ብዙ ሳይቆይ በሁለቱ የውጭ ሰዎች ፍቅር ተጠምዶ ወደ ካምቦዲያና ወደ ቼችንያ ይሻገራል፤ ረሃብተኛው ለፍቅራቸው መጋረጃ ሆኖ ይቀራል።

ዘጋቢ ፊልሞቹ በዚህ ሚዛን አይመዘኑም። የጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ የተሸሸገውን ገልጧል። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ የዓለምን እጅ ለእርዳታ አዘረጋ። ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን በእነዚህ ሥራዎች የሚናገረው በአብዛኛው ተራኪው ነው። ገበሬው በአንዱ ዘንድ የምጽዋት ምክንያት፣ በሌላው ዘንድ የክስ ማስረጃ ሆነ እንጂ ባለ ታሪክ አልሆነም። ባቲንና አምባሰልን ለዜማ ቅኝት ያበረከተ አገር ድምፅ አልባ ሆኖ መቅረቡ ያሳዝናል።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በ1965ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበር አመልክቷል። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መግዣ ስላጣ፣ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። በከሳ አካል ላይ ብቻ ተተክሎ የሚቀር ካሜራ ይህን እውነት ሊያይ አይችልም፤ ሐዘኔታን ይቀሰቅሳል፣ ምክንያቱን ግን አያስረዳም።

ልብ የሚነካው ፊልም ከዚህ የተለየ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1968 ዓ.ም.) ስለ ወሎ የተሠራ ባይሆንም የወሎን ጭሰኛ ያውቀዋል። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ፣ ትዕግሥትን የሚፈታተን ሥራ ነው። ቢሆንም እረኛዋ ልጅ የጌታውን ከብት ለማዳን ስትል በጎርፍ ስትወሰድ የሚሰማው ሐዘን ለማን እንደምትደክም ከማወቅ የሚመነጭ ነው።

በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት መካከል የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም እንዲሁ ነው። እናቱን ድርቅ የነጠቀው ኤፍሬም፣ አባቱ ዘመድ ዘንድ ትቶት ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳል። አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያሰባትን በጉን ጩኒን ለማትረፍ ልጁ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። የመልክዐ ምድሩ ውበት አልፎ አልፎ ከታሪኩ ይበልጥ ዓይን ቢስብም፣ ረሃብ በአጽም ሳይሆን በአንድ ልጅ እጅ ሥራ ተገልጧል።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ቅር የሚያሰኘው ፊልም የወሎን ሰው ሲሞት ብቻ ያየዋል፤ ልብ የሚነካው ግን ሲያርስ፣ ሲያበስል፣ ሲናገር ጭምር ያየዋል። ስለዚያ መንገድ ዳግመኛ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ አዘጋጅ ከማሽላው ማሳ ይጀምር፤ ገበሬውንም አስቀድሞ ያናግረው።