ጥያቄው ሲነሣ የሚቀረው ቀልድ

የቃላት ጨዋታ ውድድር የሚወድ ተማሪ በመካከላችን ሞልቷል። ርእስ ይሰጠዋል፣ ወይም አንድ ቃል ይጣልለታል። እሱም ቃሏን አጥብቆ፣ አላልቶ፣ ከሌላ ቃል አጋብቶ ሰው የሚያስቅ አንድ ሁለት መስመር ይሠራል። ሽልማቱ ቢበዛ አንድ መጽሐፍ፣ ካልሆነም የጓደኞች ጭብጨባ ነው። ለመሆኑ ይህ ነገር ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? ክርክሩ ለከንቱ አይደለም። የዚህች መጽሔት አዘጋጆች ለእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ገጽ ይስጡ ወይስ አይስጡ የሚለው ጉዳይ መቆረጥ አለበት። ገጻችን ጠባብ ነው፤ ለቀልድ የተሰጠ ገጽ ከግጥም ወይም ከአጭር ልቦለድ የተቀነሰ ነው። እኛ በበኩላችን «ይሰጥ» እንላለን። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

ቅድመ ሁኔታውን የተዋስነው ከሩቅ አገር ነው። የአሁኗ ቶክዮ «ኤዶ» ትባል በነበረበት ዘመን ጃፓኖች ማኤኩዙኬ የሚሉት የውድድር ጨዋታ ነበራቸው። ዳኛው ባለ 14 ቀለም አጭር ስንኝ ይሰጣል፤ ተወዳዳሪው ደግሞ ከዚያ ጋር የሚገጥም ባለ 17 ቀለም ስንኝ ሠርቶ፣ ጥቂት የመወዳደሪያ ገንዘብ ጨምሮ ይልካል። ላኪው ባለሙያ ገጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ተራው የከተማ ሰው ሁሉ ይሞክር ነበር። ከዳኞቹ መካከል ስሙ የገነነው ካራይ ሴንርዩ (1718–1790 እ.ኤ.አ.) ነው። መዳኘት የጀመረው በ1757 ሲሆን፣ በ1765 ከእሱ ምርጫ የተውጣጣ «ሃይፉ ያናጊዳሩ» የተባለ መድበል ታተመ።

ለሐያሲ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመድበሉ አሰናጅ ዳኛው የሰጠውን ስንኝ አወጣና መልሱን ብቻ፣ ያውም ያለ ጥያቄው ሊገባ የሚችለውን እየለየ አሳተመ። መድበሉ እየቀጠለ 167 ጥራዝ ደረሰ። በኋላም የግጥሙ ዓይነት ራሱ በዳኛው ስም «ሴንርዩ» ተባለ። አስቡት እንግዲህ! ለጨዋታ የተላከ ወረቀት አንድ የግጥም ዘርፍ ወለደ። በእኛ አስተያየት ግን የወለደው ውድድሩ ብቻውን አይደለም፤ ጥያቄውን ያነሣው እጅም ጭምር ነው።

ጨዋታው ዛሬም አልሞተም። ዳይ-ኢቺ የተባለው የጃፓን የሕይወት መድን ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. የደመወዝተኞች የሴንርዩ ውድድር ጀመረ። ሠራተኛው ስለ አለቃው፣ ስለ ቤቱና ስለ ባዶ ኪሱ በ17 ቀለም ቀልዶ በብዕር ስም ይልካል፤ ተመርጠው ከሚወጡት 100 ስንኞች ውስጥ ምርጦቹን የሚለየው የሕዝብ ድምፅ ነው።

በሌላው ጫፍ የአሜሪካኖቹ ጨዋታ አለ። ቴክሳስ ውስጥ በኦስቲን ከተማ፣ በደራሲው በኦ. ሄንሪ ስም የሚጠራ የኅብረ ቃል ውድድር በ1978 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በአንደኛው ዘርፍ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በተሰጣቸው ርእስ ላይ በየተራ ኅብረ ቃል ይወራወራሉ፤ ቃል ያጠረው ይወድቃል። እዚያ «ርእሱ ይነሣ» ብንል ጨዋታው ራሱ ይፈርሳል፤ ተመልካቹ የሚያደንቀው ከቃሉ ይልቅ የአፉን ፍጥነት ነውና። ይህ ነውር የለበትም። የአፍ ጨዋታ በአፍ ሲቀር ያምርበታል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ትናንት የተፈላ ቡና ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ተናጋሪ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ትርጉሞች አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ጽሑፍ ለአማርኛ ኅብረ ቃል ምቹ ቤት ነው። ችግሩ፣ ምቾት ያሰንፋል። ለዚሁ ጽሑፍ ብለን የሠራናቸውን ሁለት ምሳሌዎች እንይ። አንደኛው፦

«የኔን ሱሪ ያየ ሁሉ ‹ሰፊ ነው› ይለኛል፤ ‹ኧረ አይደለም፣ ተማሪ ነው› እላለሁ።»

«ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። ርእሱ «ሰፊ» ተብሎ ተሰጥቶ ከሆነ አንድ ጊዜ ያስቃል። ርእሱ ከተነሣ ግን ሱሪን ልብስ ሰፊ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ትርጉም ማረፊያ የለውም፤ ድምፁ ስለገጠመ ብቻ ተጎትቶ የገባ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ፦

«ደብዳቤሽ የሚመጣው ለገና ነበር፤ ፋሲካም አለፈ፣ ደብዳቤሽ ገና ነው።»

«ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። ሁለቱም የዚያው የምስኪኑ ሰውዬ ናቸው፦ ቀጠሮውም «ገና»፣ ያገኘውም «ገና»። ምን ርእስ ተሰጥቶ እንደተጻፈ አንባቢ ባያውቅም መስመሩ በእግሩ ይቆማል። ፈገግ ካሰኘ በኋላም ትንሽ ይቆጠቁጣል።

«ቅኔ ባለበት አገር ይህ ምን ይባላል?» የሚለን አይጠፋም። እኛም ሁለቱን እኩል አላደረግንም። የቅኔ ቤት ተማሪ በሁለት ቤት ከሚሠራው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ሲዘልቅ፣ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት እያቀረበ፣ እየታረመ ነው። የእኛው የአንድ ማታ ሳቅ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ሕጉ አንድ ይመስለናል፦ ወርቁ ቢያምር እንኳ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ሥራው ጎዶሎ ነው። የሱሪው ቀልድ የወደቀው እዚሁ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ለዚህች መጽሔት የምንጽፋቸው ግጥሞች ለምን ይመሳሰላሉ? ጨለማው፣ ንጋቱ፣ እንባው፣ ክንፏ የተሰበረው ወፍ... ማንም «ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ አይጠይቀንም። ጓደኛ ያሞግሳል፣ አዘጋጅ በይሉኝታ ያልፋል። የቃላት ጨዋታ ውድድር ይሉኝታ አያውቅም። ሳቁ ወይ መጣ ወይ አልመጣም። አንድ ቃል ቢበዛ ቀልዱ ይሞታል፤ ቃሏ ያለ ቦታዋ ብትገባም ይሞታል። አሥር ልኮ አንድ የሚሳካለት ሰው ዘጠኝ ጊዜ ቃል መመዘን ተምሯል። ቀልደኛው ቃል በሚዛን ሲለካ፣ እኛ አልቃሾቹ በቁና እንሰፍራለን። እንዲያው በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ነገር ነው ብለን ብንንቀው የምንጎዳው እኛው ነን።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ገጹ ይሰጥ። የተሰጠው ርእስ ግን አብሮ አይታተም። ላኪው በብዕር ስም ይላክ፤ ዳኛው በጓደኝነት እንዳይፈርድ ይረዳዋል። በሰው አካል ጉዳት ወይም በትውልድ ቦታው የሚሳለቅ ቃል አይታይ፤ እንዲህ ያለው ቀልድ ሸክሙን የሚያሸክመው ለሌላ ሰው ነውና። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ደግሞ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ሻይ ላይ ይንገረን።

አዘጋጆቹ ከፈቀዱ ለመጀመሪያው ዙር «ዋና» የምትለዋን ቃል እንጥላለን። ጠብቃም ላልታም ትነበባለች። አትርሱ፣ መልሳችሁ ሲታተም ርእሱ «ዋና» እንደነበር የሚነግርላችሁ የለም።