የበርታ የቀርከሃ ቤት

በአሶሳ ዙሪያ ያለውን የበርታ ብሔረሰብ መንደር አይቶ ድህነት ነው የሚል አይጠፋም፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር። እኔ ግን ብልሃት ነው የምለው። የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ስላልሆነ ሸክም ይችላል፤ ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው ተመርጦ ሲቆረጥ ሥሩ እንደገና ያበቅላል፤ የክረምቱ ቡቃያ ደግሞ ተቀቅሎ ይበላል (ቤትም ቀለብም የሚሆን ተክል ስንት አለ?)። ተሰንጥቆ የተሠራው ግድግዳ ነፋስ ያሳልፋል፤ በዚያ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምስጥና እሳት ያጠፉታል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ቀርከሃው በጅምላ አብቦ የሚደርቅበት ጊዜም አለ። ያም ሆኖ የተጎዳውን ግድግዳ ባለቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ያድሰዋል፤ ለቆርቆሮ ግን መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ መኪና ይፈለጋል። ቆርቆሮ ዝናብ በመከላከል እንደሚበልጥ አልክድም፤ ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ ግድግዳው ቀርከሃ እንደሆነ ቢቀር ግን የሚከለክል የለም።