«ደጀ ሰላም» በር ብቻ ነውን?

ለተማሪዎች በሚሰጡ የቃላት መልመጃዎች ውስጥ «ደጀ ሰላም» ለሚለው ቃል «የቤተ ክርስቲያን በር» የሚል ፍች ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። ፍቹ ሐሰት ነው አንልም፤ የቃሉን ግማሽ ግን ይጥላል።

«ደጀ» የሚለው አያያዝ እንደ ቤተ መንግሥት፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት ያለ የግዕዝ ዘርፍ ነው፤ «የሰላም ደጅ» ማለት ይሆናል። ታዲያ ደጅ በር ነውን? «ደጁን ዝጋ» የሚል ሰው መኖሩን አንዘነጋም። ነገር ግን «ልጁ ደጅ ወጣ» ስንል ከቤት ውጭ ሆነ ማለታችን እንጂ በሩ ላይ ቆመ ማለታችን አይደለም። ደጅ ከበሩ ፊት ያለው ስፍራ፣ ሰው የሚቆይበት፣ የሚጠብቅበትም ነው።

ይህ ልዩነት ካልተነገረው ተማሪው የታሪክ ንባቡም ይበላሽበታል። «ደጅ ጥናት» ሲያነብ የዛሬው «ጥናት» ይመጣበትና ስለ በር የተደረገ ምርምር ይመስለዋል! ደጅ መጥናት ሹመት ወይም ፍርድ ፈላጊ በመኳንንቱና በንጉሡ ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ጸንቶ መጠበቁ ነው። «ጠና» የግዕዙ «ጸንዐ» ሲሆን ትምህርት ማጥናትም ከዚያው ይወጣል። ደጃዝማችም «ደጅ» እና «አዝማች» ከሚሉት ቃላት የተገኘ የማዕርግ ስም ነው።

ወደ ደጀ ሰላም እንመለስ። በብዙ ደብሮች ከቅጥሩ መግቢያ ላይ ጣራ ያለው ቤት ይሠራል። ምእመናን በሥሩ ያልፋሉ፤ ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ በአንድነት ይቀምሱበታል፤ ጸበል ጸዲቅ ይቀርብበታል፤ ነዳያንም በአጠገቡ ይቀመጣሉ። መተላለፊያም ማረፊያም ነው። «በር» የሚለው ፍች የነገረን መተላለፊያነቱን ብቻ ነው።

በትርጉም ሥራዎች ላይ የምናየው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በቤት መግቢያ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል «የመግቢያ አዳራሽ» ብለው ይተረጉማሉ። አዳራሽ ግብር የሚበላበት፣ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሰፊ ቤት ነው። ካፖርት የሚሰቀልባትን ክፍል አዳራሽ ያላት ተርጓሚ፣ አንባቢውን ከግብር ቤት ያስገባዋል። «መግቢያ ክፍል» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?

መምህራን ይህን ቃል ሲያስተምሩ ፍቹን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው አስቀድሞ «በር»፣ «መዝጊያ»፣ «ደጅ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ተማሪዎቹ በየዐረፍተ ነገሩ እንዲያስገቧቸው ቢያደርጉ ይበጃል እንላለን። ልዩነቱን ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል።